ሳላነበው የፈረምሁት የሹፌርነት ውል

ነገሩ ከሆነ አሥራ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰሞኑን እዚህ ጎንደር ፒያሳ አንድ ድርጅት የጭነት መኪና ሹፌርነት በነፃ አስተምራለሁ የሚል ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ለጥፎ አየሁ። አሥር የሚሆኑ ወጣቶች ከሥሩ ቆመው እያነበቡ ይሳሳቃሉ። ወረቀቱን ቀድጄ ልጥለው ቃጥቶኝ ነበር፤ ትቼው ወጣቶቹን መክሬ አለፍሁ። ከመቅደድ መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው ይህን ገጠመኜን ለጋዜጣችሁ የላክሁት።

በነፃ ማስተማር ክፉ ነው አልልም። እኔም መሪ የጨበጥሁት በዚሁ መንገድ ነው። ግን «በነፃ» የሚለው ቃል ከኋላው ምን እንዳስከተለ ሳያዩ መግባት የኔን ቢጤ ያደርጋል።

እኔ የወገራ ልጅ ነኝ። አባቴ ቄስ ነበሩ። ዳዊት አስደግመው፣ ድቁና አስቀብለው፣ እሳቸው ያገለገሉበትን ደብር እንዳገለግል ይመኙ ነበር። የኔ ልብ ግን በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚያልፈው የጭነት መኪና ላይ ቀረ። ቅዳሴ ቆሜ እንኳ የሞተር ድምፅ ስሰማ ጆሮዬ ወደ ውጭ ይሄድ ነበር። አባቴ ሲያርፉ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የሚከለክለኝ ሲታጣ ጎንደር ወረድሁ።

ያን ጊዜ እህል ወደ አሥመራ ጭኖ፣ ጨው ይዞ የሚመለስ አንድ የትራንስፖርት ድርጅት ነበር። ስሙን አልጠራም። ስድስት ሰው ተቀብሎ ሹፌርነት ሊያስተምር እንደሆነ ሰማሁ። የጠየቁን ነገር አንድ ብቻ ነው፦ በአገሩ የታወቀ፣ መሬት ያለው ዋስ። እኔም የአባቴን ታናሽ ወንድም አያ ወርቁን ለመንሁ። እሳቸውም አንድ ቀን ሙሉ በእግራቸው ተጉዘው መጡልኝ።

ጸሐፊው በታይፕ የተጻፈ አራት ገጽ ውል አወጣ። የመጀመሪያውን መስመርና የመጨረሻውን መስመር አነበበና የቀረው የተለመደ ነው አለን። እኔ ማንበብ እችላለሁ። እጄንም ወደ ወረቀቱ ዘርግቼ ነበር። ቀና ስል አያ ወርቁ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ቆመዋል። በኛ አገር አንድ ሽማግሌ ዋስ ሊሆንህ ቆሞ ሳለ ወረቀት አንሥቶ መመርመር ሽማግሌውን አላመንሁዎትም እንደማለት ነው። አፈርሁ። የዘረጋሁትን እጄን ወደ ብዕሩ አዞርሁትና ፈረምሁ። አያ ወርቁም አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ።

ሥልጠና የተባለው ስምንት ወር ፈጀ። ከዚህ ውስጥ ሰባቱ ወር ታኮ መሸከም ነበር። ታኮ ማለት መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር የሚወሸቅ ግንድ ነው። ሊማሊሞን ሲወጣ ከኋላው ታኮ ተሸክሞ የሮጠ ሰው የዚያ ሥልጠና ምሩቅ ነው። መሪ የሚያስጨብጡን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጠዳ ሜዳ ላይ ብቻ ነበር።

አስተማሪያችን አያ ድረስ የሚባሉ አንጋፋ ሹፌር ነበሩ። ማርሽ ባንጫረርሁ ቁጥር ከጋቢናው አስወርደው፣ ኮፈኑን በእጄ አስነክተው፣ «መኪናውን ይቅርታ በለው» ይሉኝ ነበር። ሌሎቹ ይስቁብኛል። እኔ ግን እውነቴን ነበር ይቅርታ የምጠይቀው።

ፈተናውን አለፍሁ። ለመንጃ ፈቃዱ በሕይወቴ የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ ተነሣሁ፤ ዓይኔ ተጎልጉሎ ሊወጣ የደረሰ ይመስላል። ፈቃዱ እጄ ላይ የቆየው ከፈተናው ቢሮ እስከ ድርጅቱ በር ድረስ ነው። ሥራ አስኪያጁ ለጥንቃቄ እኔ ዘንድ ይቀመጥ ብሎ ተቀበለኝና መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። እኔ ሞኙ እንዳከበረኝ ቆጠርሁት።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ ጠዋት ላይ፣ ጤፍ የጫነ መኪና ወደ አሥመራ ሊነሣ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ጭነቱ ላይ አዲ አርቃይ የሚወርዱ ስምንት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። ሊነዱ የነበሩት አያ ድረስ ሆዴን አመመኝ አሉ። በአጠገቤ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«የዚህች ማኪና ፍሬን ሸጋ አይደለም። ነገርሁ፣ የሚሰማኝ አጣሁ» አሉኝ።

ወዲያው ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝና ዛሬ የምትነዳው አንተ ነህ አለኝ። አልዋሽም፣ ልቤ ዘለለ። ሰባት ወር ታኮ የተሸከመ ሰው መሪ ያዝ ሲባል ፍሬን አያስታውስም። ገብቼ አስነሣሁና ግቢውን አንድ ጊዜ ዞርሁ። ፍሬኑን ስረግጠው እግሬ እስከ ወለሉ ወረደ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ስረግጥ ነው መኪናው የቆመው። የሊማሊሞ ጥምዝ ደግሞ ሦስት ጊዜ እስኪረገጥ አይጠብቅም።

ወርጄ ለሥራ አስኪያጁ ነገርሁት። መሳቢያውን ከፍቶ ያን አራት ገጽ ወረቀት አወጣና ሦስተኛውን ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበልኝ። ሠልጣኝ የታዘዘውን ጉዞ እንቢ ካለ መንጃ ፈቃዱ አምስት ዓመት በድርጅቱ እጅ ይቆያል። እሺ ብሎ ወደ ሥራው እስኪመለስ ድረስም ዋሱ ይታሰራል።

አያ ወርቁ መታሰራቸው ታየኝ። የፈረምሁት መኪና ለመንዳት ሳይሆን የአጎቴን እጅ አሳልፎ ለመስጠት እንደነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሥራ አስኪያጁ መልሴን አልጠበቀም። አብሮኝ የሠለጠነውን ካሳን ጠርቶ አንተ ንዳ አለው። የካሳ ዋስ የንስሐ አባቱ ናቸው። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ቢሆንም ጋቢናው ውስጥ ገባ። ሞተሩ ተነሣ። ሴቶቹ ከላይ አማተቡ።

እንዴት እንደሄድሁ አላውቅም። ራሴን ያገኘሁት ከመኪናው አፍንጫ ፊት ነው። ሁለት እጄን ዘርግቼ፦

«በሕግ አምላክ! በጃንሆይ አምላክ!» አልሁ።

በዚያ ዘመን ይህ የተጠራበት ሰው ወደ ዳኛ ካልሆነ በቀር እግሩን አያነሣም። ካሳ ሞተሩን አጠፋ። የበሩ ዘበኛ የድሮ ወታደር ነበርና የንጉሡን ስም ሲሰማ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ በሩንም አልከፍትም አለ። ሥራ አስኪያጁ ግን ይህ ድርጅት ነው፣ የናንተ አጥቢያ አይደለም እያለ ይጮህ ጀመር።

ጭነቱ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ማረሻ የያዙ ሽማግሌ ነበሩ። ቀስ ብለው ወረዱ።

«ስም ተጠርቷል፣ ጌታው። ከእንግዲህ ወዲያ ዳኛ ፊት ነው» አሉት።

ሌሎቹም ተከትለዋቸው ወረዱ። ሥራ አስኪያጁ ዙሪያውን አየ። የንጉሡን ስም ረግጦ አለፈ ቢባል ወሬው ሳይመሽ ገዢው ዘንድ እንደሚደርስ ያውቃል። እሺ፣ እንሂድ አለ።

ሽማግሌው ግን በዚህ አልረኩም። በድሮ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ወደ ዳኛ የሚሄዱት ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ነው። ከተማ ውስጥ ከቀረ ቆይቷል፤ ለእሳቸው ግን የቀረ ነገር የለም። ጋቢያቸውን አወለቁና አንዱን ጫፍ ከኔ ቀበቶ፣ ሌላውን ጫፍ ከሥራ አስኪያጁ ኮት ቁልፍ ቀዳዳ ጋር ቋጠሩት። ሰው ስለከበበን እንቢ ማለት አልቻለም።

በፒያሳ መካከል እንዲያ ሆነን አለፍን። ሱቅ ያለው ሁሉ በሩ ላይ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ቶሎ ለመድረስ ይጣደፋል፤ እኔ ሆነ ብዬ ቀስ እላለሁ። ጋቢው ሲወጠር ኮቱ ይጎተታል፣ ያኔ ቆሞ ይጠብቀኛል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በእግር መሄድ አስደስቶኝ አያውቅም።

ዳኛው ውሉን ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። ፊርማው ያንተ ነው ወይ አሉኝ። የኔ ነው አልሁ። ምን ትላለህ ሲሉኝ ወደ ሥራ አስኪያጁ ጠቁሜ፦

«ፍሬኑ ደኅና ከሆነ ጌታው ከጎኔ ይቀመጡ። አሁኑኑ ሊማሊሞን እወርዳለሁ» አልሁ።

ዳኛው ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ። እሱ ኮቱ ላይ ያለውን ቋጠሮ ለመፍታት ይታገላል።

«ትቀመጣለህ ወይ?» አሉት።

ቋጠሮው አልፈታ አለው።

ዳኛው ከፖሊስ አንድ መካኒክ ላኩ። የፍሬኑ ዘይት ቧንቧ ተሰንጥቆ በጎማ ቁራጭ ታስሮ ተገኘ። መኪናው ሳይጠገን እንዳይነሣ፣ አጎቴንም ማንም እንዳይነካቸው አዘዙ። ወደ መንጃ ፈቃዱ ሲመጡ ግን ፈርመሃል አሉኝ። አምስቱ ዓመት ጸና። ሥራ አስኪያጁ ያን ጊዜ ፈገግ አለ።

«ይያዙት» አልሁት። «ፎቶግራፌ መሳቢያው ውስጥ ሆኖ ያይዎታል።»

ወሬው ከሌላ ሰው ሳይደርሳቸው ብዬ በማግሥቱ ወገራ ወጣሁ። አያ ወርቁ የገብስ ማሳቸው ዳር ቆመው አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኋቸው። በስማቸው የመጣውን አደጋ ስነግራቸው ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተቆጡም። አንድ የገብስ ዛላ ቀጥፈው በመዳፋቸው አሹና፦

«ምነው ሳታነበው ፈረምህ?» አሉኝ።

«አንቱ ቆመው፣ አፍሬ ነው። ዋስነትዎን የተጠራጠርሁ እንዳይመስልብኝ።»

«ልጄ፣ እኔ ፊደል አላውቅ። ጣቴን ቀለም የነከርሁት አንተ አንብበህ ደኅና ነው ያልህ መስሎኝ ነው» አሉኝ።

ያን ቀን ዳኛ ፊት ያልወረደ እንባዬ ገብሱ ዳር ወረደ። እኔ እሳቸውን አምኜ፣ እሳቸው እኔን አምነው፣ ወረቀቱን ማንም ሳያነበው ነው የታሰርነው።

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት በሌሎች መኪና ላይ ታኮ ተሸከምሁ። ቀኑ ሲሞላ ሄጄ መንጃ ፈቃዴን ተቀበልሁ። ይኸው እስከ ዛሬ እነዳለሁ። መኪናው ፊት በመቆሜ አንድም ቀን ተጸጽቼ አላውቅም። ዛሬም ቢሆን እቆማለሁ። የማፍርበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ወረቀቱ ዘርግቼ የመለስሁት እጄ።

ስለዚህ ማስታወቂያው ሥር ለቆሙት ወጣቶች የነገርኋቸውን ለናንተም ልድገመው። ሂዱ፣ ተማሩ። መንጃ ፈቃዱ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ ጠይቁ። አልሄድም ብትሉ በዋሳችሁ ላይ ምን እንደሚመጣ ጠይቁ። ውሉን ደግሞ ዋሳችሁ እየሰማ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ጸሐፊው ቢሰለች ይሰልች፤ ሽማግሌው ቢቀየሙ ይቀየሙ።

በዚያ ድርጅት በር ባለፍሁ ቁጥር ክላክስ አደርጋለሁ። ዘበኛው ዛሬም ያው የድሮ ወታደር ነው። ከመቀመጫው ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ይቆምልኛል።