ማንን ታስገባላችሁ?

ልጅ ሳለሁ ጅብ አልፈራም ነበር። አይ፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ እፈራ ነበር፤ ግን በሩ ተዘግቶ፣ ፍሙ ተከምሮ፣ አያ መንገሻ ተረት ሲጀምሩ ፍርሃቱ ራሱ ይጥመኝ ነበር። አያ መንገሻ የእናቴ አጎት ነበሩ፤ መካነ ብርሃን ከተማ አጠገብ ባለው ቤታችን ውስጥ፣ በሩ ሥር ካለው መደብ ላይ ቁርበታቸውን አንጥፈው ይተኛሉ። ከገደል ወድቀው እግራቸው ከተሰበረ ወዲህ አያርሱም፣ እንጨት አይሸከሙም፤ ሥራቸው እኔንና ወንድሜን ማስተማር ነበር።

የሚያስተምሩን በተረት ነው፤ ተረቱም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። በረዶ ጥሏል፣ ጅብ መጥቷል፣ እንስሳቱ ሁሉ በር ያንኳኳሉ፤ ቤቱ ግን ጠባብ ነው። «እንግዲህ ማንን ታስገባላችሁ? ምነው ዝም አላችሁ!» ይሉናል። ያኔ እንሻማለን፤ በሬው ያርሳል ይግባ፣ ላሚቱ ትታለባለች ትግባ፣ በቅሎዋማ ክብር ናት። እሳቸው ደግሞ «በሬው ባያርስስ?» ብለው ያስጨንቁናል። አንድ ምሽት እኔ «አህያይቱ ውጭ ትቅር» አልኩ።

«ለምን?»

«አርጅታለቻ! አትሸከምም።»

ጭሱ ዓይኑን እያስለቀሰው ፍሙን ይቆሰቁስ የነበረው አባቴ ሳቀና «ሸጋ ፈረድሽ!» አለኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

በሦስተኛው ቀን ጀንበር ስትጠልቅ፣ አባቴ ስንት ዘመን እህላችንን ያመላለሰችውን አሮጌ አህያችንን እስከ ፈፋው ነድቶ ትቷት መጣ። ያገሩ ልማድ ነው፤ ያረጀች አህያን ማን ይገዛል? ለጅብ ትተዋለች። በሩ ተቀረቀረ። ራት ሳይቀርብ የኮቴ ድምፅ ሰማሁ። ተመልሳ መጣች! ጎኗን በሩ ላይ ስታሻሽ ሳንቃው ይንቀጠቀጣል፤ ማንም አልተነሣም። ከዚያ ጅቡ ከፈፋው በኩል ጮኸ፣ ሌላም መለሰለት፣ ኮቴው እየሮጠ ራቀ። ጆሮዬን ደፈንኩ። የፈረድኩባት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ሲመሽ አያ መንገሻ እንደ ልማዳቸው ተረት ጀመሩ። በረዶው ጋ ሲደርሱ፣ በኩራዙ ብርሃን የተዘረጋ እግራቸውን አየሁ፤ ቀጥሎም በሩን። ተስቤ ሄጄ ጋቢያቸውን ጭምድድ አድርጌ ያዝኩና «አያ፣ እርስዎም እኮ አይሸከሙም!» ብዬ አለቀስኩ።

«ዝም በይ! ምን ያለችው ሟርተኛ ናት!» ብላ እናቴ ጮኸችብኝ። አባቴ ቀና ብሎ አላየንም። አያ መንገሻ ራሴን ዳበስ አደረጉኝ እንጂ አልሳቁም፤ ተረቱንም አልጨረሱትም።

ዛሬ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ የእንስሳትን ስም ሰሌዳ ላይ በደረጃ እንዲጽፉ አደርግና «ደረጃውን ማን ሰጣቸው? በምን ለክቶ?» እላቸዋለሁ። ይከራከራሉ፣ ይስቃሉ። «ሸጋ ፈረድሽ» ግን ላንዳቸውም ብዬ አላውቅም።

ምክንያቱም ያ ያለቀስኩበት ምሽት ከዓይኔ አልጠፋም። ከመተኛታችን በፊት አያ መንገሻ እየተንፏቀቁ ቁርበታቸውን ከበሩ ሥር አነሡና ወደ ውስጥ፣ ቤት ከሚያድሩት ጥጆቻችን አጠገብ አነጠፉት። ብርዱ ነው አሉ። እናቴም አዎ፣ ብርዱ ነው አለች። እስኪሞቱ ድረስ ወደ በሩ አልተመለሱም።