ጎረቤቶቼን ለስኳር ምርመራ ሰብስቤ የኔው ተገኘ

ዛሬ ጠዋት «ስኳር አለብዎት» ተባልኩ! እኔ! የዳሞታን ተራራ በእግሬ የምወጣዋ ሴትዮ!

ትናንት ለስኳር በሽታ ጥናት ደም የሚወስዱ ባለሙያዎች እዚህ ሶዶ፣ ሰፈራችን መጡ። የአንድ ለአምስት መሪ ነኝና ሴቶቹን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ።

«ምግብ ሳትቀምሱ ኑ» ተብለን ነበር። እኔ ግን ደም ሲሰጡ ቢወድቁስ ብዬ ለሁሉም ገንፎ በቅቤ፣ ሻይ በማር አቀረብኩ። (ደግነቴ መቼም አያልቅም!)

የሁላችንም ስኳር ከፍ ብሎ ተገኘ። ደም የወሰደችልን ሲስተር ደንግጣ «ምን በልታችሁ ነው?» ስትል ጎረቤቴ አስቴር ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች።

«እሷን ጠይቂያት! በቅቤ አጥባን ነው ያመጣችን።»

ዛሬ ባዶ ሆዳችንን ተመለስን። የሌሎቹ ሁሉ ወረደ። የኔ ብቻ እምቢ አለ።

«እትዬ፣ ገና ጅማሬው ነው። እንኳን ዓይንና ኩላሊት ሳይጎዳ ተገኘ» አለችኝ ሲስተሯ።

አስቴር ደግሞ መንገድ ላይ «አይዞሽ፣ ከእንግዲህ ገንፎሽን እኛ እንበላልሻለን» አትለኝም! እያለቀስኩ ሳቅኩ። በጊዜ በመታወቁ እውነቴን ነው ደስ ብሎኛል።

እናንተስ፣ ሌላ ሰው ልታስመረምሩ ሄዳችሁ የራሳችሁን ያወቃችሁ አላችሁ? እስቲ ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልደንግጥ።