ጌሾ ያልሆነው ቅጠል

ባሌ ባዩ ፍሬ የያዘ ዛፍ አይቶ ማለፍ አይችልም። ነሐሴ ሲያልቅ ከሮተርዳም ወጣ ብሎ በግድቡ ዳር፣ ሆላንዶቹ ቭሊር የሚሉት ዛፍ ቁንዶ በርበሬ በሚያካክል ጥቁር ፍሬ ይሸፈናል። ያን ጊዜ ብስክሌቱ ላይ ባልዲ አንጠልጥሎ ይወጣል። ሲመለስ እጁ ወይን ጠጅ፣ ሸሚዙ ወይን ጠጅ፣ ያ ነጭ ፎጣዬ ሳይቀር ወይን ጠጅ ይሆናል። "አንተ ሰውዬ፣ ጡረታ የወጣኸው ልታርፍ ነው ወይስ እኔን አጣቢ ልታደርገኝ?" እለዋለሁ። ይስቃል። ዕድሜውን ሙሉ ወደብ መጋዘን ውስጥ የሰው ዕቃ ሲያወርድና ሲጭን ኖሮ፣ አሁን የራሱን ነገር መሥራት አማረው።

አሠራሩ የጠጅ ነው። ፍሬውን በእጁ ያፈርጠዋል፣ ማርና ውኃ ይጨምራል፣ ጌሾ ይጥልበታል፣ በርሜሉን ከድኖ ይተወዋል። እሳት አያሳየውም። ከጓደኞቹ አንዱም ታሞ አያውቅም፤ እንዲያውም "ጨምር!" ነው የሚሉት።

ያለፈው ዓመት ግን የተጣለው ለንጉሰ ነበር። ንጉሰ ኤርትራዊ ነው፤ ወደብ ላይ ከባዩ ጋር ሌሊት ሠርተው፣ ከአንድ ሳህን በልተው የኖሩ ሰዎች ናቸው። የሁለቱ አገሮቻችን ጦርነት ሲመጣ ለቅሶ ቤት ውስጥ ክፉ ቃል ተወራወሩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አልተመለሰም። ባዩ ቁጥሩን ከስልኩ ደመሰሰ፣ ንጉሰም አምስተርዳም፣ ኦስዶርፕ የሚባል ሰፈር፣ ልጁ አጠገብ ገባ። ዓመታት እንዲህ አለፉ። በኋላ ንጉሰ ታሞ አንድ ኩላሊቱ እንደወጣ፣ የቀረችውም እንደደከመች ቤተ ክርስቲያን ሰማን። ባዩ ያን ቀን ምሳ አልበላም። "ሳንታረቅ ቢሞትስ?" አለኝ። ሽማግሌ ልኮ ለመስቀል ቀን ተቃጠሩ።

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጌሾ አልቆብን ነበር። ሂድና ከሱቅ አምጣ እያልኩት፣ ያ ግትር፣ የቭሊሩን ቅጠልና ጭራሮ ከታትፎ በርሜሉ ውስጥ ጨመረው። "ፍሬውን የሰጠ ዛፍ ጌሾውንም ይሰጣል" አለ። ፍልስፍናውን እዩልኝ! ጌሾም ያው ቅጠልና እንጨት ነው ብዬ እኔም ተውኩት። ጫፉን ቀምሶ "መረር ይላል፣ ደህና ጌሾ ወጥቶታል" ብሎ ደስ አለው።

የመስቀል ዕለት እኔ ሥራ ነበርኩ። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው። ሜቭራው፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ዮካ በገጠር ያደጉ ባልቴት ናቸው፤ ፀጉራቸውን እያበጠርኩ የባሌን ወይን አወራላቸዋለሁ። እንደ አገራችን ቅጠሉንም ጨመረበት ስላቸው እጄን ጨመደዱት። "ቅጠሉን? ልጄ፣ እሱ እኮ መርዝ ነው! ፍሬው ራሱ ተቀቅሎ ነው የሚጠጣው። ማንም እንዳይነካው!"

ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ። ባዩ ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ጠዋት ወጥቷል።

ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ለመስቀል ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ድምፁን አጥፍቶ ኮቱ ኪስ ከትቶታል፣ ሲወጣም አይከፍተውም፤ ልማዱ ነው። የንጉሰ ቁጥር የለኝም። አድራሻውን ብቻ ነው ሽማግሌው የጻፈልን፤ እሱም ስልኩን ዘግቷል። ፖሊስ ልጥራ አልኩ፤ ምን ልበል? "ባሌ የተጣላውን ሰው ሊያጠጣ መርዝ ይዞ ሄዷል" ልበል? ማን ሳያውቅ ነው ብሎ ያምነኛል? ንጉሰ ቢሞት የባዩን ስም የሚያጥበው ውኃ የት ይገኛል? የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ባቡሩ ዴን ሃግ ላይ ቆመ። ሲግናል ተበላሽቷል ተባለ። ሰዉ ቡናውን እየጠጣ ስልኩን ያያል፤ እኔ በሩ ሥር ቆሜ "እመቤቴ፣ እመቤቴ" እላለሁ። አንድ ወጣት "ደህና ነሽ?" አለኝ። "አይደለሁም!" ብዬ ጮህኩበት፣ ምን ባደረገኝ። ስደውል ስደውል ባትሪዬም አለቀ። ባዩን ረገምኩት፤ ወዲያው ደግሞ አፌን ያዝኩ። እንግዳ ሲያጠጣ ልማዱን አውቃለሁ፤ አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ራሱ ይቀምሳል። ለካ የሚሞተው ሁለት ሰው ሊሆን ነው!

አምስተርዳም ከትራም ወርጄ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። በሩ ክፍት ነበር። ስገባ ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ብርጭቆ ይዘው ይጓተታሉ።

"ልቀቅ!" ይላል ባዩ፤ ፊቱ አመድ ሆኗል፣ ላቡ ይንጠፈጠፋል።

"ዋይ! ሰጥተህ ልትነጥቀኝ ነው?" ይላል ንጉሰ። "ዛሬም ቂምህ አልወጣልህም?"

ብርጭቆውን በእጄ መታሁት። ግድግዳው ላይ ተከሰከሰ። "ጠጥተዋል ወይ ጋሽ ንጉሰ? ይንገሩኝ፣ ጠጥተዋል?"

"ከንፈሬን እንኳ አላስነካኝም!"

ባዩ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ያስመልሰው ጀመር። በኋላ እንደሰማሁት፣ ባዩ መዳፉ ላይ ሊቀዳ አለና ተወው፤ "በመዳፍማ ለባዕድ ነው፤ ለወንድሜ ሙሉውን" ብሎ አንድ ብርጭቆ ግጥም አድርጎ ጠጣ። የሁለቱንም ቀድቶ፣ የዕርቁን ወሬ ሲጀምሩ ሆዱ ታመሰ። ቅጠሉ መሆኑ ገባው። መናገር ግን አፈረ፤ መርዝ አመጣሁልህ ተብሎ ለታረቁት ሰው እንዴት ይነገራል? ብርጭቆውን ሊነጥቅ ተነሳ።

አምቡላንስ ጠራሁ። ንጉሰ እያነከሰ ተከትሎን ወጣ፤ ቤተሰብ ብቻ ነው የሚገባው ሲሉት "ወንድሙ ነኝ" ብሎ ገባ። ባዩ ግሉኮስ ተሰክቶለት ሲተኛ እግሩ ሥር ተቀመጠ። "አንተ ደደብ፣ መርዝ ነው አትለኝም ነበር?" አለው። ባዩ "እንዳታምነኝ ፈርቼ" አለ። ንጉሰ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ በሁለቱም ተናድጄ፣ ለሁለቱም አለቀስኩ።

ባዩ ተርፎ ቤቱ ገባ። ዘንድሮ ፍሬውን ሲለቅም አብሬው ወጣሁ፤ አንዲት ቅጠል ባልዲው ውስጥ ባይ ደረቴን እየመታሁ እጮህ ነበር። ጭራሮውን አንድ በአንድ ለቅመን ጣልን፣ ፍሬውን ራሴ ቆሜ አፈላሁት፣ ጌሾውም ከሱቅ መጣ።

ለመስቀል ንጉሰ እኛ ቤት መጣ። ባዩ ጠርሙሱን ከፍቶ መዳፉን ሊዘረጋ ሲል ንጉሰ እጁን ያዘው።

"የለም ሓወይ፣ ወንድሜ። ዘንድሮ ቀማሹ እኔ ነኝ" አለና የራሱን መዳፍ ዘረጋ።

ባዩ ጠርሙሱን እንደያዘ ቀረ። አልቀዳም። እኔን ያየኛል። ያፈላሁት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ፣ ግን እኔም ጠርሙሱ ውስጥ ቅጠል በዓይኔ እፈልጋለሁ።

"ቅዳ እንጂ ሰውዬ!" አለው ንጉሰ። "እጄ ደከመ።"

ቀዳለት።