ታርጋ ያለው ኮንጋና ታርጋ የሌለው

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤቴ ውሻ የሚያኝከውን ነገር ካልጋሪ ኮርነርስቶን ሰፈር ያለው ቤቴ በር ላይ ጥሎልኝ ሄደ። ከከብት ቆዳ ተጠቅልሎ አጥንት እንዲመስል የተሠራ የውሻ ማኘኪያ ነው። ሱቅ ውስጥ ደረቅ እያለ ምንም አይሸትም። ይሄኛው ግን በበረዶ ውሃና በውሻ ምራቅ ርሶ፣ አብጦ፣ ነጭ ልጋግ አውጥቶ ነበር። ላነሳው ጎንበስ ስል ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። በፌስታል ጠቅልዬ ወረወርኩት፤ እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ፤ ሽታው ግን እዚያው ነበር። ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። የአባቴ ሽታ ነው። አባትን እንዲህ ብሎ ማንሳት እንደሚያስቀይም አይጠፋኝም፤ ግን አንዴ ከጀመርኩ እውነቱን ልንገራችሁ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው እዚሁ ካልጋሪ፣ ስካይቪው ራንች የሚባል ሰፈር ነው፤ አባቴ ታክሲ ይነዳል፣ እናቴ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። እኔ ኮንጋ እመታ ነበር፤ ያን ረጅሙን፣ ሆዱ ሰፋ ያለውን፣ በእጅ የሚመታውን ከበሮ። የሰፈራችን ልጆች ያቋቋሙት፣ በየሠርጉ የሚጫወት ባንድ ነበረን፤ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ያለን ኮንጋም አንድ ብቻ ነበር፤ ቆዳው የተቀደደ፣ ጎኑ የተሰነጠቀ አሮጌ የፋብሪካ ዕቃ። ደህና ነገር ቢኖረው፣ የፋብሪካው ስም የተቀረጸባት ጣት የምታህል የናስ ታርጋ ነበረችው።

ባንዱን የሚመሩት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ። ድሮ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ኮንጋ ይመቱ ነበር ይባላል። የካልጋሪ ሐበሻ ጊታርም ይግዛ ኪቦርድ ለእሳቸው ሳያሳይ አይገዛም። በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጋሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ፣ ከዚያ ይፈርዳሉ፤ ይግባኝ የለም። በዚያ ዓመት በሰመር ትልቅ ዝግጅት ላይ እንድንጫወት ተጠርተን ነበር። ጋሼም፣ «ሁለት ደህና ኮንጋ ካልተገኘ ኮንጋ የሚባል ነገር አይኖርም» አሉ። ኮንጋ ከሌለ እኔም የለሁም ማለት ነው።

ይህን ምሳ ላይ ለአባቴ ነገርኩት። እጁን ከሳህኑ ላይ አነሳና፣ «እኔ እሠራልሻለሁ» አለኝ። ሳቅኩበት። ተገጣጣሚ መደርደሪያ እንኳ ሲያቆም አይቼው አላውቅም ነበር።

አረፋ ደረሰ። አባቴና ጓደኞቹ ለሰባት ሆነው፣ ከቸስተርሚር ከተማ ወዲያ ካለ አንድ የከብት እርባታ ቦታ በሬ አረዱ። ሌሎቹ ሥጋቸውን ይዘው ሲበተኑ፣ አባቴ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን ቆዳ ጠቅልሎ ታክሲው ላይ ጫነ። ከዚያ የት የገባ ይመስላችኋል? መታጠቢያ ገንዳችን ውስጥ።

ኖራ በጥብጦ ዘፈዘፈው። በሦስተኛው ቀን ውሃው ግራጫ ሆነ፤ በአምስተኛው ላዩ ላይ ቅባት ያለው ሰፈፍ ያዘ። ጸጉሩ እየለቀቀ የገንዳውን ማፍሰሻ ደፈነው፤ አባቴ እጁን እስከ ክርኑ እየከተተ ይጎለጉለዋል፤ በጓንት እንኳ አልነበረም። ሽታው ደረጃውን ወጥቶ ክፍሌ ገባ። ሹራቤ ውስጥ ገባ፣ ሂጃቤ ውስጥ ገባ፣ የጥርስ ብሩሼ ላይ ሳይቀር ያለ መሰለኝ። ትምህርት ቤት ጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ወንበሯን ፈቀቅ ስታደርግ አየኋት። ገላዬን የምታጠበው ትምህርት ቤቱ ጂም ነበር። እቤት ስመለስ እስትንፋሴን ይዤ ነው በሩን የምከፍተው፤ ምግብ አልወርድልኝ አለ።

ከዚያ ወደ ጋራዡ አወጣውና መፋቅ ጀመረ። ቆዳውን ጣውላ ላይ ዘርግቶ፣ ሆዱን ጣውላው ላይ አስደግፎ፣ በሁለት እጁ በያዘው ዶማ በመሰለ ቢላ ወደ ታች ይገፋል። ሞራው እንደ እርጥብ ጨርቅ እየተጠቀለለ ካርቶኑ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። በር ላይ ቆሜ በሹራቤ እጅጌ አፍንጫዬን ሸፍኜ አየሁት። የሚያስደነግጠው ሽታው ብቻ አልነበረም። እጁ አይሳሳትም። የት ላይ መጫን፣ የት ላይ ማለፍ እንዳለበት ቢላው ያውቃል። ዕድሜውን ሙሉ መሪ የጨበጠ ሰው እጅ አልነበረም።

ያ እጅ ከየት እንደመጣ የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ለእኔ ብላም አይደለም። አንድ ከሰዓት ከሺፍት ስትመለስ ጋራዡን አየችና ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለች።

«ካገር ጥለኸው ያመለጥከው ሥራ እዚህ ድረስ ተከትሎህ መጣ? የአባትህን ፋቂነት ልጄ እንድታየው ነው?» አለችው።

እሱም ቀና ሳይል፣ «ልጅቷ ከበሮ ያስፈልጋታል» አለ።

ፋቂ። ቃሉን ለማታውቁት፣ ቆዳ የሚያለፋ ሰው ማለት ነው፤ ሲነገር ግን ሥራ ሳይሆን ስድብ ነው። ሰው እሱ ባለፋው ቁርበት ላይ ይተኛል፣ እሱ በወጠረው ከበሮ ይጨፍራል፣ ልጁን ግን አይድርለትም። እኔ አያቴ ወሎ ውስጥ ነጋዴ ነበሩ እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ካልጋሪ ያደገች ልጅ ይሄ ምኗ ነው ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን በየሠርጉ ትልልቆቹ ጎንበስ ብለው «የማን ዘር ነው?» ሲባባሉ ስሰማ ነው ያደግኩት፤ ያን ዕለት ሽታው አጥንቴ ውስጥ የገባ መሰለኝ። አባቴን ተጸየፍኩት። እራት ላይ እንጀራውን በዚያ እጅ ሲቆርስ ሳየው በኔ በኩል ያለውን ትቼ ተነሳሁ። እሱም አየኝና እጁን ከትሪው ላይ ሰብስቦ ጭኑ ላይ አደረገ።

የሁለቱን ከበሮዎች ቀሪ ሥራ በስድስት ሳምንት ጨረሰው። ከፈረሰ ቤት የተነቀለ የኦክ ወለል ሰበሰበ፣ በቀጭን በቀጭኑ ሰነጠቀ፣ እያንዳንዱን ጎን ሰያፍ አድርጎ ላገ፣ በማጣበቂያ አያይዞ በዕቃ መጫኛ ቀበቶ ጠፈረው። ቆዳውን የሚወጥረውን የብረት ቀለበትና ብሎን ብየዳ የሚሠራ ጓደኛው ቀጠቀጠለት። ቆዳውን ከመወጠሩ በፊት ጠራኝ። የጋራዡን በር ዘጋ፣ መብራቱን አጠፋ፣ የእጅ ባትሪ አብርቶ ከበሮው ሆድ ውስጥ ከተተና አፉን በብርድ ልብስ ሸፈነው።

«ዙሪውና እዪ» አለኝ። «በጣውላዎቹ መሃል ብርሃን ካየሽ አልተሠራም ማለት ነው። ያኔ የሰጠሁሽ እንጨት ብቻ ነው፣ ማገዶ አድርጊው።»

ዞርኩ። በጨለማው ውስጥ በእጄ እየዳበስኩ ሁለቱንም ዞርኳቸው። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን እንኳ አልነበረችም። ቆዳውን ከወጠረ በኋላ ደግሞ ጠርዙን በጣቴ እንድከተል አደረገኝ፤ ዙሪያውን ውፍረቱ እኩል ነበር። መታሁት። ድምፁ ከመሬት ወጥቶ በእግሬ በኩል ደረቴ ላይ ደረሰ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም፤ እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያ ሐሳቤ፣ ጋሼ ማን ሠራው ብለው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ የሚል ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አደረግኩ። የናስ ታርጋዋን ከአሮጌው ኮንጋ ነቅዬ፣ ከአባቴ ከበሮዎች በአንዱ ላይ በሁለት ትንንሽ ሚስማር መታኋት። ታርጋው አንድ፣ ከበሮው ሁለት መሆኑ አልጠፋኝም። አንዱን ሲያዩ ሌላውንም ከዚያው ከፋብሪካው ነው ይሉታል ብዬ ነው። ለአባቴ ምንም አልነገርኩትም።

እሁድ ከሰዓት አባቴ ራሱ ነበር በታክሲው ወደ ልምምድ አዳራሹ የወሰዳቸው። ጋሼ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ተቀመጡ። ልጆቹ ከበቧቸው። መጀመሪያ የቀረበው ባለ ታርጋው ነው። መነጽራቸውን አድርገው ታርጋዋን አነበቡ፤ ካነበቡ በኋላ ነው ጆሯቸው የተከፈተው። ኳ ኳ አደረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ዕቃ ማለት ይሄ ነው» አሉ። «ልጆች፣ ይሄን ሊስን አድርጉት። የፈረንጅ እጅ ያስታውቃል። ብትገዙት ከሺህ ዶላር በታች አይነካም።»

አባቴ በሩ አጠገብ፣ የመኪና ቁልፉን በእጁ ይዞ ቆሟል። ፊቱ ሲፈካ አየሁ። ታርጋዋ በእኔ በኩል ስለነበረች ገና አላያትም። የፈረንጅ እጅ ያሉትን የሰማው አይመስለኝም፤ የሰማው ዕቃ ማለት ይሄ ነው ያሉትን ነው።

ከዚያ ሁለተኛውን አቀረብነው። ያው ጣውላ፣ ያው በሬ፣ ያው እጅ። ጋሼ ዞር ዞር አድርገው ታርጋ ፈለጉ፤ የለም። ጎንበስ ብለው አሸተቱና አፍንጫቸውን በመሐረብ ያዙ።

«ኤጭ፣ ይሄን ደሞ የት ያለ ፋቂ ነው የሠራው? ይከረፋል እኮ። በነፃም ቢሰጡኝ ቤቴ አላስገባው። አውጡልኝ።»

ልጆቹ ሳቁ። ቃሉ የገባቸውም ያልገባቸውም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ዛሬ ከዚያ ክፍል ውስጥ ከነበረው ነገር ሁሉ፣ ከቆዳውም፣ ከሽማግሌው መሐረብም በላይ የሚያስጠላኝ ያ ሳቄ ነው።

አባቴ ጠጋ አለ። ሁለተኛውን ከበሮ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል በመጀመሪያው ጎን ላይ ያለችውን ታርጋ አያት። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ እዚያው ባለቀልኝ፤ ያም ይሻለኝ ነበር።

«ልክ ነዎት ጋሼ፣ ይሄኛው የቤት ሥራ ነው» አለ ረጋ ብሎ። «በስህተት ነው የጫንኩት። እመልሰዋለሁ።»

ከዚያ አቅፎት ወጣ።

ልምምዱ ሲያልቅ ሊወስደኝ መጣ። ባለ ታርጋውን ከኋላ ጭነን፣ የስካይቪውን መንገድ ያዝን። መኪናው ውስጥ ያለኝ ይህን ብቻ ነው፦

«ታርጋዋን አላጠበቅሻትም። ስትመቺ ትንቀጫቀጫለች፤ ድምፁን ታበላሽብሻለች። እቤት ስንገባ አስተካክልልሻለሁ።»

አስተካከለልኝም። ጋራዡ ውስጥ በመሰርሰሪያ ሲበሳ ክፍሌ ሆኜ ሰማሁት። ወርጄ ተወው ልለው እችል ነበር፤ አልወረድኩም። በሰመሩ ዝግጅት ተጫወትኩ፤ ሌላውን ኮንጋ ጋሼ ካንድ ሰው ተውሰው አመጡልኝ፤ ታርጋ ነበረው፣ ድምፅ ግን አልነበረውም። ሰው አጨበጨበ። ጋሼ ጎኔ ቆመው ለሚጠይቃቸው ሁሉ ባለ ታርጋውን እየዳበሱ ያስረዱ ነበር። አባቴ የዚያን ቀን ሺፍት አለብኝ ብሎ ቀረ። ከዚያ በኋላ ቆዳ ነክቶ አያውቅም። ታርጋ የሌለው ከበሮ እስከ መጨረሻው በራችን ጥግ ቆሞ ነበር፤ አባቴ ሥራ ሲወጣ እሱ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል። ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ሁልጊዜ ነገ የምጠይቀው ይመስለኝ ነበር፤ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው።

ባለፈው ቅዳሜ፣ የውሻውን ማኘኪያ ጥዬ እጄን ከታጠብኩ በኋላ፣ ወደ ቤዝመንት ወረድኩ። ባለ ታርጋው ኮንጋ እዚያ ነው፣ ከክረምት ጎማዎቹ ጀርባ። ያቺን ታርጋ ከዚህ በኋላ ላያት አልፈለግኩም። ጠፍጣፋ መፍቻ አስገብቼ ጠመዘዝኳት። ቶሎ አልወጣችም፤ አባቴ የኔን ሚስማሮች አውልቆ በአራት ብሎን አስሯት ነበር። ስትነቀል ከስሯ አንድ ነገር ወደቀ።

ቁራጭ ቆዳ ነው። በታርጋዋ ልክ፣ አራቱም ማዕዘኑ ተስተካክሎ የተቆረጠ፤ እንዳትንቀጫቀጭ ከስሯ ያነጠፈው። የዚያው በሬ ቆዳ ነው፤ በአንድ በኩል ሳይፋቅ የቀረ ቡናማ ጸጉር ነበረበት።

ከበሮው ጎን ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ደጋግሜ አሸተትኩት። ምንም አይሸትም።