ሸፊቅ የቆፈረው ጉድጓድ

ሸፊቅ ይማም በሐሰት የማለው በዕድሜው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የማለውም ለክርስቲያን ጎረቤቱ ለእትዬ ሐረገወይን ነው። ስለዚያች መሐላ ከመፍረዳችሁ በፊት ስለ ጉድጓዱ ስሙ።

ሸፊቅ የሐይቅ ከተማ ልጅ ነው። ጎረምሳ ሳለ ወሎ ተራራ ላይ ለእርከን ሥራ ድንጋይ ተሸክሟል፤ ውሃ ቁልቁል ሲሮጥ ምን እንደሚበላ በዓይኑ አይቷል። አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል። ከሚስቱ ከዓሊያ ጋር ሃያ ዓመት ሲኖሩ አላህ ልጅ አልሰጣቸውም። አሜሪካ፣ ስኔልቪል ከተማ ውስጥ የገዙት ቤት ተዳፋት መንገድ ላይ ነው፤ ከእነሱ ዝቅ ብሎ የመጨረሻው ቤት የእትዬ ሐረገወይን ነው። ከላይ ያለው ጣሪያና አስፋልት የሚያወርደው ዝናብ በሙሉ በሸፊቅ ጓሮ ያልፍና እሳቸው ደጃፍ ይጠራቀማል። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣ ስላላቸው የሚተኙት ቤዝመንት፣ ከምድር ቤቱ ውስጥ ነው፤ በሩም በቀጥታ ወደ ጓሮ ይከፈታል።

ውሃው ሁለት ጊዜ ገብቶባቸዋል። በሁለተኛው ጊዜ ልጃቸው ሄኖክ ከዳላስ መጥቶ ቁርጡን ነገራቸው። አንድ ጊዜ ከደገመ ቤቱ ይሸጣል፤ እሳቸውም አብረውት ይሄዳሉ። እትዬ ሐረገወይን ደግሞ ዳላስ ሲባል እስር ቤት የተባለ ያህል ይከፋቸዋል። ቤተ ክርስቲያናቸው እዚህ ነው፣ የባላቸው መቃብር እዚህ ነው፣ በአጥር ላይ ጠዋት ጠዋት የምታወራቸው ዓሊያም እዚሁ ናት።

የመንገዱ ላይኛው ጫፍ ላይ አንዲት ጡረታ የወጣች የሳይንስ መምህርት አለች። ጎረቤቱን ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ እየሰበሰበች የሰፈሩን ወንዝ ዳር ከወረረው ሐረግ ታስጠርጋለች፣ ዛፍ ታስተክላለች፣ በየጓሮው ደግሞ ዝናቡን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ መሬት የሚያሰርግ ጉድጓድ ታስቆፍራለች። ሬይን ጋርደን ይሉታል። ለሸፊቅ ስታስረዳው ሳቀና ለዓሊያ በአማርኛ፣ "ይሄ እኮ ደቦ ነው፤ አሜሪካ ድረስ መጥቼ እርከን ልሠራ!" አላት። በሦስት ቅዳሜ ከሁሉም የሚበልጠውን የቆፈሩት በእሱ ጓሮ ነው። ርዝመቱ ዐሥራ ሁለት እርምጃ፣ ጥልቀቱ እስከ ጉልበት ነበር። ከሥሩ አሸዋና የበሰበሰ ቅጠል ተደባልቆ ተነጠፈበት፤ ላዩ ላይ ቄጠማና ውሃ የሚወድ ቁጥቋጦ ተተከለ። በዚያ ክረምት ዝናቡ ሲወርድ ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞላ፤ በማግስቱ ባዶ ነበር። የእትዬ ሐረገወይን ምንጣፍ ጠብታ አልነካውም።

ምስጋናውን ግን የወሰደው ሌላ ነው።

"አየህ ሸፊቅ፣ በሩ ላይ የሚካኤልን ጸበል ከረጨሁ ወዲህ ውሃው ዝር አላለም።"

"እንግዲያው እትዬ ሐረጌ፣ ሚካኤል አንድ ቀን አካፋ ይዞ ቢያግዘኝ ምን ነበረበት? ወገቤ ተቆርጧል እኮ።"

"ዝም በል! ደሞ ይሄ ጉድጓድ አንድ ቀን ሰው ይሰብራል። ነው ወይስ ፈረንጆቹ ከፍለውህ ነው የምትቆፍረው? ወላሂ በል።"

"ወላሂ በነጻ ነው።"

እንዲህ ነበሩ። ወላሂ ካለ ሸፊቅ እንደማይዋሽ ያውቃሉ፤ በረባ ባልረባው ያስምሉታል። ጉድጓዱን ቢረግሙም ለፋሲካ ቄጠማውን የሚያጭዱት እሳቸው ነበሩ።

በሁለተኛው ዓመት በመስከረም መግቢያ ዓሊያ ሞተች። ሦስት ወር ታማ ነበር፤ እትዬ ሐረገወይን በዚያ ጉልበታቸው እየተጎተቱ ነው ያስታመሟት። ለቀስተኛው ቤቱን ስለሞላው ድንኳን ጓሮ ተተከለ። ሥጋውን ለመስጊድ ሴቶች ትተው ምስሩንና ጎመኑን እሳቸው ያዙ። አንዱን ቁም፣ ሌላውን ተቀመጥ እያሉ ለቅሶውን በሙሉ የመሩት እሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሽማግሌ የጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተንገዳገዱ፤ ለትንሽ ተረፉ። እትዬ ሐረገወይን ወዲያው ገልባጭ መኪና ያለውን መንሱርን ጠሩት።

"አንተ መንሱር፣ ያ መኪናህ የት አለ? ይሄን ጉድጓድ ድፈንልኝ። በሐዘን ላይ ሌላ ሐዘን እንዳይደረብብን።"

መንሱር ሰዓት አልፈጀበትም። ከሚሠራበት ግንባታ ቀይ ሸክላ አፈር አምጥቶ ገለበጠ፣ በመኪናው ጎማ ጠቀጠቀው፣ ላዩን ጠጠር አለበሰው። ሁሉም መረቀው።

ሸፊቅ በመስኮት ያይ ነበር። ቄጠማው ከአፈሩ ሥር ሲገባ አየና እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ። ምን ይበል? ሚስቱን ቀብሮ ለሣር አለቀሰ ሊባል? ደግሞስ ሦስት ቀን እንቅልፍ ያላዩትን ሴትዮ በሰው ፊት ሊያሳፍር? አርባዋ ይውጣ፣ ሰደቃዋን ላውጣ፣ ከዚያ እከፍተዋለሁ ብሎ ለራሱ ነገረ። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ መድኃኒት የለውም። መርዶውን ዘግይቶ የሰማው ደግሞ ከየስቴቱ እየመጣ መኪናውን እዚያው ላይ ያቆም ነበር።

አርባው ሳይሞላ፣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ፈረንጆች ሄሊን ብለው የሴት ስም ያወጡለት ማዕበል መጣ። ከሐሙስ ጠዋት ጀምሮ ዘነበ። ሸፊቅ ሥራውን ጥሎ መጣና አካፋ ያዘ፤ ሸክላው አካፋውን እያነጠረ ይመልሰዋል። ሁለት ሰዓት ለፍቶ የቆፈረው አንድ ገበቴ አይሞላም። ሲደክመው ወርዶ እኔ ቤት ይደሩ ብሎ እትዬ ሐረገወይንን ለመናቸው።

"ጸበሌን ረጭቻለሁ፤ ሂድ ልብስህን ቀይር፣ በስብሰሃል" አሉት።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ተመልሶ ወረደ። ቀይ ውሃ በጠጠሩ ላይ እየተንደረደረ በቀጥታ ወደ በራቸው ይገባል። በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ። እትዬ ሐረገወይን አልጋቸው ላይ እግራቸውን ሰብስበው፣ የሚካኤልን ሥዕል ደረታቸው ላይ አቅፈው ተቀምጠዋል፤ ውሃው ፍራሹን ነክቷል። አዘላቸውና ዳገቱን ይዞ ወጣ። ቀላል ነበሩ። ጀርባው ላይ ሆነው ጆሮው ሥር፣ "ምን በድዬው ነው ሸፊቅ? ምን አጥፍቼ ነው ፊቱን ያዞረብኝ?" እያሉ አለቀሱ።

ሸፊቅ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያውቃል። ልቡ ተቃጠለ። እግራቸውን ጠበቅ አድርጎ ይዞ መውጣቱን ቀጠለ።

ሄኖክ ቅዳሜ ደረሰ። እናቱ የሸፊቅ ሶፋ ላይ በጋቢ ተጠቅልለዋል።

"ማሚ፣ ኢናፍ! በቃ፣ ሃውሱን ሴል እናደርገዋለን።" ወደ ሸፊቅ ዞረ። "ጋሽ ሸፊቅ፣ ያ ሬይን ጋርደን ምናምን ዎርክ ያደርጋል አላልከኝም እንዴ? ለዚህ እኮ ነው የዛን ጊዜ ዌይት ያደረግኩት።"

ሸፊቅ በልቡ አሰላ። ይሠራ ነበር፣ ተደፍኖ ነው፣ በአንድ ሳምንት እከፍተዋለሁ ቢል ልጁ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። እሳቸውም ይቀራሉ። ግን ያስደፈኑት ማን ናቸው? ዓሊያን ያስታመሙት፣ ለቅሶዋን የመሩት ሴት ቤታቸውን በገዛ ትእዛዛቸው እንዳሰጠሙ አሁን፣ በልጃቸው ፊት፣ በዚህ ጋቢ ውስጥ ይስሙት? እትዬ ሐረገወይን ቀና ብለው አዩት። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

"ያ ዝናብ በጉድጓድ የሚመለስ አልነበረም" አለ።

"እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፤ ጉድጓድ መቼ ውሃ ከልክሎ ያውቃል" አሉ እሳቸው።

እትዬ ሐረገወይን በኅዳር ዳላስ ሄዱ። ሸፊቅ ሻንጣቸውን መኪና ላይ ጫነ። ዓሊያ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን መሆኑን ያወቀው ያን ዕለት ማታ ነው፤ ብቻውን ራት በላ።

ቀጣዩ ወር በገባ ቅዳሜ መምህርቲቱና ጎረቤቶቹ ዶማ ይዘው መጡ። ሸክላውን በባሬላ እያወጡ ሁለት ቅዳሜ ፈጀባቸው። ከሥሩ አንድ የድንኳን ካስማና የተጨፈለቀ የውሃ ኮዳ ወጣ፤ ከዚያም በታች የቄጠማው ሥር ነጥቶ፣ ግን ሳይሞት ተገኘ። መምህርቲቱ እንደ ልጅ በደስታ ዘለለች። ሸፊቅ ጎንበስ ብሎ ሥሩን ዳበሰውና ወደ ቤቱ ገባ፤ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ከታች ያለውን ቤት ወጣት ባልና ሚስት ገዝተውታል። የሚተኙት ፎቅ ላይ ነው፤ ቤዝመንቱ የብስክሌት ማስቀመጫ ሆኗል።

በሚያዝያ፣ ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቀኑን ሙሉ ከባድ ዝናብ ጣለ። ሸፊቅ ከጎርፉ ጋር የመጣውን ቅጠል ከጉድጓዱ አፍ ሲጠርግ ስልኩ ጮኸ።

"ሸፊቅ፣ እዚያ ይዘንባል አሉ፤ ሄኖክ ስልኩ ላይ አሳየኝ።"

"ይዘንባል እትዬ ሐረጌ። እርስዎ ደህና ነዎት?"

"ምን ደህንነት አለ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተሰቅዬ መኪና ስቆጥር እውላለሁ። ሄኖክ ሥራ ነው፤ በሩን የሚያንኳኳ ሰው የለም።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ገባ?"

ሸፊቅ ቁልቁል አየ። ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞልቷል፤ የቄጠማው ጫፍ ብቻ ይታያል። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ዝናቡ ካራሰው በስተቀር የሚወርድ ውሃ የለም፤ ከበረንዳው ሥር፣ የቤዝመንቱ በር ፊት የተዘረጋው ምንጣፍ ደረቅ ነው።

"ገባ" አለ።

"እውነት? ወላሂ በል።"

አልገባም ቢላቸው ለምን ይላሉ። እሳቸው ደግሞ ብልህ ናቸው፤ ማንም ሳይነግራቸው ነገሩን ጎትተው ጎትተው መንሱርን ጉድጓዱን ድፈን ያሉበት ቀን ላይ ይደርሳሉ። ከዚያ በኋላ ያ ሦስተኛ ፎቅ እንዴት ይኖርበታል? ዝናቡ በአንገቱ ይወርዳል። ዓሊያ ብትኖር ምን ትለው እንደነበር አሰበ፤ አላወቀውም።

"ወላሂ" አለ። "እስከ አልጋዎ ድረስ ገብቷል።"

እትዬ ሐረገወይን በረጅሙ ተነፈሱ።

"ተመስገን። እንኳን ወጣሁ! እኔማ በከንቱ ነው የሄድኩት እያልኩ ሌሊት ሌሊት አልተኛም ነበር። ለካ ሚካኤል አውቆ ነው ያወጣኝ።"

"አውቆ ነው እትዬ ሐረጌ።"

"አንተም ያን ጉድጓድ ተወው በቃ። ለማይረባ ነገር ወገብህን አትቁረጥ።"

"እሺ፣ ትቼዋለሁ" አለ ሸፊቅ። አካፋው በእጁ ነበር።