የቡሄ ማግስት

የብርጓልን የአፋፎ ሰው ሁሉ «ቢሆንስ» ይላት ነበር። ስሙን ያወጣላት ባሏ ይስማው ነው። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ የተሰጣ ገብስ ስትሰበስብ ያያትና «ምነው?» ይላታል። «ቢዘንብስ?» ትላለች። በሬው ደህና ሲበላ እያየችው ለክረምት የሚሆን ገለባ ከጣራ ሥር ትጠቀጥቃለች። «ቢያጥረንስ?» ትላለች። ይስማው አንድ ቀን ማኅበር ላይ ጠላውን ይዞ፣ «እኔ ያገባሁት የብርጓልን አይደለም፣ ቢሆንስን ነው» ብሎ ሰውን አሳቀ። ስሙም በዚያው ቀረ።

አፋፎ ከሮብ ገበያ በላይ፣ ወደ ጮቄ በሚያወጣው ዳገት ላይ የተለጠፈች፣ ሠላሳ ቤት የማትሞላ መንደር ናት። ሰዉ ገብስና ድንች ያበቅላል፣ በግ ያረባል። የየብርጓል ስጋት እንዲያው ያለ ነገር የመጣ አልነበረም። ልጅ ሳለች መስከረም ላይ የወረደ በረዶ የአባቷን ገብስ በአንድ ከሰዓት ከጭቃ ቀላቅሎት፣ ለዘር የሚሆን እንኳ ሳይተርፍ ቀረ። አባቷ ያን ዓመት ደብረ ኤልያስ ወርዶ የሰው እርሻ ሲያርስ ከረመ። ከዚያ ወዲህ የብርጓል የዘር ገብሷን ሁሉ በአንድ ቤት አስቀምጣ አታውቅም። ግማሹ ከራሷ ጎታ፣ ግማሹ ከዳገቱ በታች ሜዳው ላይ ከሚኖረው ወንድሟ ከኪዳነ ማርያም ዘንድ ይቀመጣል።

ናዳው የወረደበት ዓመት ክረምቱ በሰኔ ገብቶ አልለቅ አለ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ በጎቿን ልታይ ከቤቷ በላይ ወዳለው የግጦሽ መሬት ስትወጣ እግሯ ጎድጎድ ካለ ነገር ገባ። ሣሩን ገለጥ አድርጋ አየችው። መሬቱ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ እንደ ማጭድ ጎብጦ የሷንም የጎረቤቷን የቢተውንም ማሳ ከላይ አቅፎታል። እጇን ብታስገባ እስከ ክርኗ ዋጠው።

«ላም የረገጠችው ነው» አለ ይስማው ስትነግረው።

«ላም መቶ ክንድ ሙሉ ትረግጣለች?»

በማግስቱ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሯ ሄዳ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ አምሳሉን ይዛው መጣች። አምሳሉ ወጣት ነው፤ ብዙ አያወራም። ስንጥቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለው። ያዘነበሉትን ባህር ዛፎች አየ። ምንጩ ከሰሞኑ እየደፈረሰ እንደሆነ ስትነግረው ፊቱ ተለወጠ። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ችካል ቸከለና በመሀሉ ሲባጎ ወጠረ።

«እትዬ የብርጓል፣ ጠዋት ጠዋት ይለኩት» አላት። «በአንድ ቀን ከሁለት ጣት በላይ ከሰፋ ግን መለካቱን ይተዉና ይውጡ።»

«መቼ ይወርዳል?»

«እሱን የሚያውቅ የለም። ላይወርድም ይችላል።»

በየጠዋቱ ለካች። አንድ ቀን ምንም፣ አንድ ቀን ግማሽ ጣት፣ ሦስት ቀን ደግሞ ምንም። እየለካች ቤቷን ታቃልል ጀመር። ጎታው ውስጥ የቀረውን ገብስ በአህያ እያመላለሰች ወንድሟ ቤት አወረደች። የመሬት ደብተሩንና መታወቂያዎቹን በፌስታል ጠቅልላ፣ ከበሶና ከክብሪት ጋር በአንድ ከረጢት አድርጋ በሩ አጠገብ ሰቀለችው። በጎቹን ከጓሮው አውጥታ ቶሎ በሚፈታ በረት አሳደረቻቸው። ቢተው መጀመሪያ ሳቀባት። በኋላ ግን የሱ ሚስትም ልጆቿን ይዛ ሌሊት ወዴት እንደምትሮጥ መጥታ ጠየቀቻት።

ነሐሴ በገባ በአራተኛው ቀን ጠዋት ሲባጎው ተበጥሶ አገኘችው። ለካችው፤ አራት ጣት ሰፍቷል። ከእኩለ ቀን በፊት የሁለቱም ቤት ሰው፣ ከብቱ፣ በጉ፣ ዶሮው ሳይቀር ወርዶ አለቀ። ይስማው እየተነጫነጨም ቢሆን ወረደ። የየብርጓል ቤት አንድም ነገር አልረሳም ተባለ። ከማሳው ያለው የበልግ ድንች ብቻ ቀረ። እሱን በአንድ ቀን ማውረድ አይቻልም።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ወንድሟ ቤት ተቀመጡ። ምንም አልሆነም። ዝናቡ እየሳሳ መጣ። የፍልሰታ ቅዳሴ ሲወጣ ቅጥሩ በር ላይ የሚቆሙ ወንዶች፣ «ይስማው፣ ቤትህ እላይ ቆሞ እየጠራህ ነው» ይሉታል። ይስቃል፤ ግን በየቀኑ ቀና ብሎ ዳገቱን ያያል። ድንቹ ለአቅመ ቁፋሮ ደርሷል፤ ውኃ ከበዛበት እዚያው አፈር ውስጥ ይበሰብሳል።

ቡሄ ፀሐይ ሆኖ ዋለ። በማግስቱ ጠዋት ይስማው ዶማውን አነሳ።

«ድንቹን ልቆፍር ነው።»

«ይስማው፣ ቢሆንስ?»

«ምን ይሆናል? ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት። ቀና በይና ሰማዩን እይው።»

«እኔ የማየው መሬቱን ነው። አፈሩ አልደረቀም።»

«ድንቹም አይጠብቀኝም። ዘጠኝ ቀን ሰማሁሽ እኮ፣ የብርጓል።»

ይህን ሲል ድምፁ አልጨከነም። የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። እሷም ደክሟታል። ስንት ቀን ሙሉ ያልመጣ ነገር እየጠበቀች፣ የወንድሟን ሚስት ፊት እያየች፣ ተሳስቼ ይሆን እያለች ከርማለች። ገባችና አራት ባዶ ማዳበሪያ አመጣችለት። በሶም ቋጠረችለት።

«አራቱ ከሞሉ ውረድ» አለችው።

«አራት» አለና ሄደ።

ቀትር ላይ ወንዝ ዳር ልብስ ታጥብ ነበር። ድምፁ ነጎድጓድ አይመስልም፤ ድንጋይ የጫነ መኪና ጭነቱን ሲገለብጥ ይመስላል። ቀና አለች። አቧራ የለም። ባህር ዛፎቹ እንደቆሙ፣ ሳይወድቁ፣ ሲራመዱ አየች። የቤቷ ቆርቆሮ አንድ ጊዜ ፀሐይ መትቶት ብልጭ አለ። ከዚያ ቡናማ አፈር ብቻ ሆነ።

እጇ ላይ የነበረውን ነጠላ ጨመቀችው፤ ቁጥቋጦው ላይ ዘረጋችው። ከዚያ መራመድ ጀመረች።

የአካባቢው ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ሁለት ቀን ቆፈረ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ያገኘው ቢተው ነው። ይስማው ማሳው ላይ አልነበረም፤ ወደ ታች የሚያወርደው መንገድ ላይ ነበር። በየተራ ተሸክሞ ከመንገዱ ያደረሳቸው ሦስቱ ማዳበሪያ ሞልተው አፋቸው ታስሯል። አራተኛው ገና ግማሽ ነበር። ቢተው ይህን ሲነግራት፣ «እንግዲያ መውረድ ጀምሮ ነበር ማለት ነው» አለች፤ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ይመስል።

ልጇ ዜማ ደብረ ማርቆስ ትማራለች። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ግማሹን በእግሯ መጥታ ከቀብሩ በማግስቱ ደረሰች። ገብታ እናቷ ጉያ ወድቃ ጮኸች። የብርጓል ጀርባዋን እያሻሸች፣ «እግርሽን ታጠቢ፣ ቆስሏል» አለቻት። ለቅሶ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ተያዩ። ሰው ሁሉ እንባዋን ይጠብቃል። አልቃሿ የይስማውን ደግነት እየጠራች፣ ከሞላው ማዳበሪያ ጋር እያስተያየች፣ የድንጋይ ልብ የሚያባባ ግጥም ደረደረች። የብርጓል ግን፣ አልቃሿን ድምፅዋ እንደከዳት አስተውላ ውኃ እንዲሰጧት አዘዘች።

በሰልስቱ የነፍስ አባቷ አባ አካለ ወልድ አጠገቧ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ይውጣልሽ። ሰው አልቅሶ ነው የሚድነው።»

«እሺ አባ» አለች። ቀጥላም፣ «ያን ቀን ባላስወጣቸው ኖሮ በነዚያ ዘጠኝ ቀናት ድንቹን ቆፍሮ ይጨርስ ነበር» አለች።

«ባታስወጫቸው ኖሮ የሁለት ቤት ሰው፣ አሥር ነፍስ ነበር የምንቀብረው።»

«እውነትዎን ነው።»

እውነት ነበር። የብርጓል አሰበችውና እውነት ሆኖ አገኘችው። ግን ሆዷ ውስጥ የትም አልደረሰም። በሌላ ቋንቋ የተነገረ ነገር መሰላት።

ክረምቱ ወጣ፤ ጥቅምት፣ ኅዳር ሆነ። ከወንድሟ መሬት ጥግ ሁለት ክፍል ቤት ተሠራላት። በጎቿን ጠበቀች፤ ገብሷን ዘራች፤ አጨደች። ሰው በስሟ ይጠራት ጀመር፤ ያንን የድሮ ስም የሚያነሳው ጠፋ። ዜማ በየእሑዱ ትደውላለች። «እማዬ፣ በላሽ?» ትላለች። «በልቻለሁ» ትላለች የብርጓል። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ምን እንደበላች ለማስታወስ ትሞክራለች፤ አንዳንዴ ትዝ ይላታል፣ አንዳንዴ አይላትም።

በተከታዩ ዓመት ሐምሌ ላይ አምሳሉ መጣ። ከወንዙ ማዶ ባለው ዳገት እንደዚያው ዓይነት ስንጥቅ ታይቷል። እሱ ቢናገር ሰዉ አልሰማ ብሏል።

«እርስዎ ቢነግሯቸው ብዬ ነው፣ እትዬ። እምቢ ቢሉኝም አልቀየምም።»

ነጠላዋን አንስታ ተከተለችው።

ከስንጥቁ በታች ያለው ቤት የፍሥሐ የሚባል ጎልማሳ ነው። አምስት ልጆች አሉት። የብርጓል የነገረችውን ሰምቶ፣ ከአምሳሉ ጋር ደግማ ስትመጣ የጎታውን እህል ወደ አማቹ ቤት አውርዶ፣ ሰነዶቹንም ሰብስቦ አገኘችው። «ከሰፋ እንወጣለን፤ ምን ቀረን?» አላት።

የብርጓል ጓሮውን አየች። ድንቹ አበባው ገና አልረገፈም።

«ያንን ቆፍሩት» አለች።

«የትኛውን? ድንቹን? ገና እኮ የዶሮ እንቁላል አላከለም!»

«ያከለውን ቆፍሩት። ያላከለውንም ቆፍሩት። እላይ የምትመለሱለት ነገር እንዳይኖር።»

«ይቺ ሴትዮ የዓመት ጉሮሯችንን ጣሉ ነው የምትለን?» አለ ፍሥሐ ወደ አምሳሉ ዞሮ።

የብርጓል ግድግዳ ላይ የተደገፈውን ዶማ አነሳችና ከማሳው ጫፍ መቆፈር ጀመረች። የፍሥሐ ሚስት ወለተ ሚካኤል ቆማ አየቻት። የይስማውን ነገር ሰምታለች፤ ሁሉም ሰምቷል። ከዚያ እሷም ዘንቢል ይዛ ገባች፤ ልጆቹም ተከተሉ። ፍሥሐ እየተራገመ መጨረሻ ላይ ገባ። ሦስት ቀን ቆፍረው ጨረሱ። በአራተኛው ቀን ስንጥቁ ሰፋና ቤቱን ዘግተው ወረዱ። ወደዚያ ዳገት የተመለሰ ሰው አልነበረም።

መስከረም ላይ የብርጓል ከአምሳሉ ጋር በሮብ ገበያ መንገድ ላይ ተገናኘች።

«ዳገቱ አልወረደም» አላት፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ። «ፍሥሐ ተናዷል። ድንቹ ኩችሌ፣ ያላደገ ደቃቅ ስለሆነበት ገበያ ላይ የሚገዛው አጥቷል። ያቺ ሴትዮ አከሰረችኝ እያለ በየሄደበት ያማዎታል።»

«ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«ይበል» አለች የብርጓል። ከዚያ ጨው ልትገዛ ወደ ገበያው ገባች።