ኖሊን ለፓርላማ የጠራችው ስም

ኖሊን ማካርተር በኒውዚላንድ ደቡብ ጫፍ፣ በጎር ከተማ ዳርቻ ለብቻዋ የምትኖር ሱፍ መራጭ ናት። የበግ ሽለታ ወቅት ሲደርስ ከእርሻ ወደ እርሻ ትዞራለች፤ ሱፉን በጣቷ ዳበስ አድርጋ ልስልሱን ከሻካራው ትለያለች። ሸላቾቹ ያከብሯታል። ስለ ራሷ ግን ምንም አያውቁም ነበር። ስድሳ ዓመት ካለፋት ወዲህ እንኳ ደጇን የሚረግጥ ወንድሟ ኬልቪን ብቻ ነው፤ እሱም ለገና።

በአሥራ ስምንት ዓመቷ ሬይሊን የምትባል የባቡር ሠራተኛ ልጅ ወደደች። ከከብት ገበያው አጥር ጀርባ እጅ ለእጅ ተያይዘው እናቷ አየቻቸው። ብዙም ሳይቆይ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ኖሊንን ራቅ ወዳለ አንድ የእርሻ ቤት ወሰዷት።

"እናድንሻለን" አሏት።

ክረምቱን ሙሉ አስጾሟት። እጃቸውን ጭነው ጸለዩባት። የሬይሊንን ስም እንደ በሽታ ስም እየጠራች "ከእኔ ውጣ" እንድትል አደረጓት። በመጨረሻ ከዚያ ቤት ለመውጣት ስትል "ድኛለሁ" አለች። ስትመለስ ሬይሊን ወደ አውስትራሊያ ሄዳለች። ኖሊን ከዚያ ወዲያ ያን ስም ከአፏ አላወጣችም፤ ሌላ ሰውም አልወደደች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእሷ ዝምታ ግን ውስጥ ውስጡን ነቅዞ ነበር።

ዘመን አልፎ፣ እንዲህ ያለውን "ማዳን" የሚከለክል ሕግ ለፓርላማ ቀረበ። የሚናገር ካለ ይናገር ተባለ። ኖሊን በሬዲዮ ሰማችና ተመዘገበች። ለማንም አልነገረችም፤ የምትነግረውስ ማን አላት?

ቀኑ ሲደርስ በከተማው ቤተ መጻሕፍት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። ሕጉን የሚመረምረው የፓርላማ ኮሚቴ አባላት ዋና ከተማዋ ዌሊንግተን ሆነው ተናጋሪዎቹን በስክሪን ተራ በተራ ያዳምጣሉ። ከእሷ በፊት የተጠራውን ስም ስትሰማ ክው አለች። ኬልቪን ማካርተር። ወንድሟ ከረባቱን አስሮ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሊናገር ቀርቧል።

"እኛ ዘንድ ማንም ተገዶ አያውቅም" አለ። "በጸሎት የተጎዳ ሰው እኔ አላውቅም።"

ሰብሳቢዋ አመስግና ቀጣዩን ጠራች። ኖሊን የማይኩን ምልክት ስክሪኑ ላይ ፈልጋ ተጫነች።

"ወይዘሪት ማካርተር፣ ይሰሙናል?"

"እሰማለሁ። አሁን የተናገረው ወንድሜ ነው። ያሳደጉን ሰዎች ክፉ አልነበሩም። እሷ ግን... ሬይሊን ነበር ስሟ። በሽታ አልነበረችም። እሷን ከውስጤ ሲያስወጡ በምትኳ ያስገቡት ነገር የለም። ባዶዬን ነው የኖርኩት።"

"ሕጉ ለእርስዎ ምን ይጠቅምዎታል?" ሲል አንዱ አባል ጠየቃት።

"ለእኔማ አልፏል። ዛሬ በዚያ ዕድሜ ላለችው ነው።"

ሕጉ በሰፊ የድምፅ ብልጫ ጸደቀ። ኖሊን ወሬውን የሰማችው ሸላቾቹ መጋዘን ውስጥ ሻይ ሲጠጡ ነው።

"አንቺ፣ ፓርላማ የተናገርሽው አንቺ ነሽ አሉ!" አለቻት ሂኔሞአ፣ ሱፍ ጠራጊዋ። "ለእኛ ትንፍሽ ሳትዪ?"

"እናንተ ከሱፍ ሌላ መች ጠይቃችሁኝ ታውቃላችሁ።"

ሂኔሞአ ከት ብላ ስቃ ከምሳዋ ግማሹን ቆርሳ ሰጠቻት።

በዚያው እሑድ ኬልቪን መጣ። ባርኔጣውን ይዞ በር ላይ ቆመ።

"ሽማግሌዎቹ ፖሊስ ጋ ትሄዳለች ብለው ሰግተዋል።"

"ሕጉ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። ተኝታችሁ እደሩ በላቸው።"

"ምነው መጀመሪያ ለእኔ ብትነግሪኝ?"

"ኬል፣ ወደዚያ ቤት የወሰደኝን መኪና የነዳኸው አንተ ነህ'ኮ።"

የበግ ጥብስ ምድጃ ውስጥ ስለነበር ግባ ብላ ለመነችው። አልገባም። ለገናም አልመጣም።

አሁን በየወሩ ወደ ኢንቨርካርጊል ከተማ ትነዳለች፤ እዚያ እንደ እሷ ሴት የወደዱ፣ ዕድሜ የገፉ ሴቶች በአንድ አዳራሽ ይገናኛሉ። መጀመሪያ የሄደች ዕለት ከመኪናዋ ሳትወርድ ተመልሳለች። ቀጥሎ ገባች። ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፤ ስኒ ታጥባለች፤ ብዙም አታወራም።

"ሬይሊንን ለምን አትፈልጊያትም?" ይሏታል።

"አግኝቼ ምን እላታለሁ?" ትላለች።

ከዚያ ወንበሮቹን አብራቸው አጣጥፋ፣ ያን ረጅም መንገድ ለብቻዋ እየነዳች ወደ ጎር ትመለሳለች።